ዘጠኝ ብልቃጥ ደም ከቦንጋ ላፍቶ

ከአዲስ አበባ ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል፤ ቦንጋ ውስጥ ግን እስካሁን በየመንገዱ አስቁሞ «እስቲ አውሪን» የሚለኝ ሰው አላባራም። አንዱ ስለ ፎቅ ይጠይቀኛል፣ ሌላው ስለ ታክሲ። እኔ ማውራት የምፈልገው ስለ ነጭ የደም ሕዋስ ነው። ገና ስጀምር ፊታቸው ይጨማደዳል፤ ትንሽ ስቀጥል ገበያ የረሱት ዕቃ ትዝ ይላቸዋል። ስለዚህ ልጽፈው ወሰንኩ፤ የሚጽፍን ሰው መሀል ላይ ጥሎት የሚሄድ የለም።

ስሜ ትዕግስት ነው፤ የሌለኝን ነው ያወጡልኝ። በከተማችን ትንሽ ሆስፒታል የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን ነኝ። መንግሥት በተለወጠ በስድስተኛው ዓመት፣ ታኅሣሥ ውስጥ፣ ከአዲስ አበባ ደብዳቤ መጣልን። የላከው ንፋስ ስልክ አካባቢ የፋብሪካ ሠራተኞችን ለዓመታት የሚከታተል የጥናት ቡድን ነው። የኤች አይ ቪ ቫይረስ የገባባቸው ሰዎች በሽታው እየገፋ ሲሄድ የመከላከያ ሕዋሶቻቸው ምን እንደሚሆኑ ያጠናሉ። ከክፍለ ሀገር ጥቂት ሰዎች ለመጨመር አስበው ነበርና የፈቃደኞችን ደም «በጥንቃቄ ይዞ የሚመጣ ባለሙያ ይላክልን» ይላል። ደሙ በደህና ከደረሰ የእኛ ሰዎች ጥናቱ ውስጥ ይገባሉ፤ በየስድስት ወሩ ይታያሉ፣ ለሚይዛቸው ሳንባ ነቀርሳና ለሌላውም መድኃኒት አያጡም። ለቫይረሱ ለራሱ በውጭ አገር አዲስ መድኃኒት ተገኘ ይባላል፤ እኛ ጋ ግን ወሬው እንጂ ኪኒኑ አልደረሰም።

ዘጠኝ ሰው ፈቀደ። ከዘጠኙ አንዷ ልብስ ሰፊ ናት። ስሟን ለውጬ እንድጽፍ ስለፈቀደችልኝ እትዬ ዘነበች እላታለሁ። ባሏ ከሞተ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ምን እንደገደለው የምናውቀው እሷ፣ ጅማ ያለችው እህቷና እኔ ነን። ማርታ የምትባል የስምንት ዓመት ልጅ አለቻት፤ ልጅቷን መርምሬያታለሁ፣ ነፃ ናት። እህትየዋ ወርቅነሽ ደግሞ «ልጅቷን አሁኑኑ ስጪኝ፣ አንቺ በሕይወት እያለሽ ትልመደኝ» እያለች መልእክት መላኳን አልተወችም። ትምህርት ቤት ማዛወር የሚቻለው የሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ሲጀምር ስለሆነ፣ ቀኑ የጥር መጨረሻ ተብሎ ተቆርጧል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደሟን ስቀዳ እትዬ ዘነበች መርፌውን ሳይሆን እኔን ነበር የምታየው።

«እኔ ማወቅ የምፈልገው አንድ ነገር ነው» አለችኝ። «ውስጤ ያሉት ይዋጋሉ ወይስ ደክመዋል? የሚዋጉ ከሆነ ማርታን አልሰጥም። ደክመው ከሆነም ደብቀሽ አታስቀሪብኝ፤ ሳልወድቅ በገዛ እጄ ላድርሳት።»

መልሱን ይዤ እንደምመጣ ቃል ገባሁላት።

እሑድ፤ ከቦንጋ ጅማ

አውቶቡሱ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ይነሳል ተባልኩ፤ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳ። የክትባት መያዣውን ሰማያዊ ሳጥን ጭኔ ላይ አቅፌያለሁ። ዘጠኙ ብልቃጥ በበረዶ መሀል ቆመዋል። ስለ ቅዝቃዜ አያያዝ ሥልጠና የወሰድኩ ሰው ነኝ፤ የምስክር ወረቀቱም ከጠረጴዛዬ በላይ በመስታወት ተሰቅሏል። እኛ ጤና ባለሙያዎች ዘንድ «በጥንቃቄ» ከተባለ በበረዶ ማለት ነው። ክትባት በበረዶ፣ ሴረም በበረዶ። ለዚህ አማካሪ አያስፈልገኝም ነበር።

ከጎኔ የተቀመጠው ማር ነጋዴ ሳጥኑን አይቶ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። መድኃኒት ነው አልኩት፤ ውሸት ቢሆንም ወደፊት እውነት ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ጎጀብ ከመድረሳችን በፊት የማሩ ክዳን ለቀቀና ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ። ሰውየው ሃምሳ ጊዜ ይቅርታ ጠየቀ፤ እኔም ማሩ ወደ ሳጥኑ እንዳይደርስ ስከላከል መቀመጫዬ ላይ ተጣብቄ ቀረሁ። ጎጀብ ወንዝ ላይ ጎማ ፈነዳ። የእኛን አገር ዝናብና ጭጋግ የለመደ ሰው ጎጀብ ቆላ ሲወርድ የጋለ ድስት ውስጥ የገባ ይመስለዋል። በረዶው እንዳይቀልጥ ሳጥኑን በነጠላዬ ጠቀለልኩት፣ ሾፌሩ ያንን አይቶ ከአውቶቡሱ ሥር ጥላ ያለበትን ቦታ ሰጠኝ። እሱ ጎማ ሲቀይር እኔ አጠገቡ በማር የተለወሰ ቀሚሴን ዝንብ ወርሮት ተቀምጬ ነበር።

ጅማ የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። በረዶዬ ግማሹ ውሃ ሆኗል። ያረፍኩበት ሆቴል ባለቤት ሴትዮ መድኃኒት መሆኑን ስትሰማ ቢራዎቿን ከፍሪጁ አውጥታ ደርድራ ሳጥኔን በሙሉ አስገባችልኝ። ያን ዕለት እዚያ ቤት የጠጣ ሁሉ ቢራው ሞቆበት እያጉረመረመ ነው የጠጣው። አንዱ ደንበኛ ሲነጫነጭ «የሰው ነፍስ አለበት፣ ዝም ብለህ ጠጣ» አለችው። በጣም ወደድኳት። ቀሚሴንም አጥባ አሰጣችልኝ።

ሰኞ፤ ከጅማ ላፍቶ

አዲሱን በረዶ ሞልቼ በማለዳ ተሳፈርኩ። ሰኮሩን አልፈን ግቤ ስንወርድ ጎጀብን እንኳን ናፈቅኩት። ግቤ ሌላ ነው፤ መስኮት ሲከፈት የሚገባው ነፋስ ከተዘጋው ይብሳል። ሰዉ ሁሉ በዝምታ ያልበዋል። እኔ በየአሥር ደቂቃው ክዳኑን ከፍቼ በረዶውን እዳስሳለሁ፤ ከኋላዬ ያለች አንዲት እናት ለልጇ ቁራጭ ብትለምነኝ ከለከልኳት። እስከዛሬ ይቆጨኛል፤ ለምን እንደሚቆጨኝ ደግሞ ወደፊት ትረዳላችሁ።

ወልቂጤ ለምሳ ቆምን። ቆጮውን ከእኛ ቆጮ ጋር ማወዳደሬ አልቀረም፤ የእነሱ ቀጭንና ነጭ ነው፣ የእኛ ወፍራምና የሚያጠግብ። ፍርዱን ለሆዴ ተውኩት፤ ሆዴም የእነሱን ሁለት ጊዜ አስጨመረ። ሥጋ ቤቱ ግድግዳ ሥር ትልቅ ማቀዝቀዣ አየሁና ባለቤቱን ለመንኩት። በቢላዋ ጀርባ ከግድግዳው በረዶ እየፈቀፈቀ ሳጥኔን ሞላልኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ ብዬው ወጣሁ። ከወሊሶ ወዲያ መንገዱ ሁሉ ጭድ ነበር፤ በየማሳው የተከመረ ወርቃማ የጤፍ ጭድ። የእኛ አገር አረንጓዴ ነው፣ ቢጫ ለማየት የበሰለ ሙዝ መፈለግ ያስፈልጋል።

አየር ጤና ላይ ወርጄ ሰማያዊና ነጭ ታክሲዎች እየቀያየርኩ በመካኒሳ አድርጌ ላፍቶ ገባሁ። ወያላው ሳጥኔን ጣራ ላይ ልጫነው ቢል ደረቴ ላይ አጥብቄ ይዤ እምቢ አልኩ። እንደ ሕፃን ካቀፍሽውማ ሒሳብ አላስከፍልሽም አለኝና ታክሲው ሙሉ ሳቀ።

ላፍቶ አዲስ አበባ ነው ሲሉኝ ፎቅ ጠብቄ ነበር። አንዱ ጎን አዲስ የቆርቆሮ ቤት፣ ሌላው ጎን አውድማ። በሬዎች እህል ይወቃሉ፣ ከአውድማው አጠገብ ታክሲ ቆሞ «ሳር ቤት! ሳር ቤት!» ይላል። የተቀበለችኝ ወይዘሮ አበበች ናት፤ የሆስፒታላችን ፋርማሲስት ታላቅ እህት። ከወላይታ መጥታ ፋብሪካ ከገባች አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ጴንጤ ስለሆነች ከምግብ በፊት ጸሎቱ ይረዝማል፤ እኔም አይኔን ጨፍኜ የጎመኑ ሽታ እየጠራኝ ጠበቅኩ። ጎመኑ በአይብ ነው፤ አጠገቡ በትንሽ ሳህን ዳጣ የሚሉት የቃሪያ ማባያ ነበር። የእኛ አገር ሚጥሚጣ አይነካኝም ብዬ በደንብ ጠቀስኩ። ውሃ እየጠጣሁ አለቀስኩ። አበበችና ባሏ ጴጥሮስ ለወግ ያህል ሳይስቁ ቆዩ፣ ከዚያ ሳቁ።

ፍሪጅ የላቸውም። ጴጥሮስ ምንም ሳልለው ጃኬቱን ለብሶ ወጣና ከለስላሳ አከፋፋይ ጎረቤት በፌስታል በረዶ ይዞ ተመለሰ። አበበች የራሷን አልጋ ለቀቀችልኝ። ከቦንጋ እስከ ላፍቶ የማላውቀው ሰው ሁሉ ለእነዚህ ዘጠኝ ብልቃጦች ሲደክም አይቼ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። አንድ ብልቃጥ አልተሰበረም፣ በረዶው አንድም ጊዜ አላለቀም።

ማክሰኞ፤ ሳጥኑ ሲከፈት

ላቦራቶሪው ከፋብሪካው ጀርባ፣ በባሕር ዛፍ መሀል ያለ ዝቅ ያለ ቤት ነው። ኃላፊው ዶክተር ኃይሉ ይባላሉ፤ ቀጭን፣ በዝግታ የሚናገሩ ሰው። በር ላይ ቆመው ተቀበሉኝ። ሳጥኑን ጠረጴዛ ላይ አኖርኩና ክዳኑን ራሴ ከፈትኩት፤ የሠርግ ስጦታ እንደሚያቀርብ ሰው ነበርኩ። ዶክተሩ አንድ ብልቃጥ አወጡ። በመዳፋቸው ጨብጠው ያዙት። ሌላም አወጡ።

«ሙሉውን መንገድ በበረዶ ነው የመጣው?» አሉኝ።

በኩራት አዎ አልኩ፤ የጅማዋን ሴትዮ፣ የወልቂጤውን ባለ ሥጋ ቤት፣ ጴጥሮስን ሁሉ ዘርዝሬ ነገርኳቸው። እስክጨርስ አላቋረጡኝም። ከዚያ ወንበር ስበው አስቀመጡኝና አስረዱኝ። እሳቸው የሚፈልጉት የደሙን ፈሳሽ፣ ሴረሙን፣ ሳይሆን ሕያው ሕዋሶቹን ነው። ቲ ሴል የሚባሉት የመከላከያ ሕዋሳት በብርድ ይጎዳሉ፤ ቁጥራቸው ይዛባል፣ ሲቀሰቀሱም አይነሱም። በጥጥ ጠቅልዬ በእጅ ቦርሳዬ ብይዛቸው ኖሮ ቢያንስ መቁጠር ይቻል ነበር። ግቤ ላይ ለዚያች እናት ያልሰጠኋት በረዶ ትዝ አለኝ።

አለቀስኩ፤ መደበቅ አያስፈልግም። ያለቀስኩት ለልፋቴ አልነበረም። እትዬ ዘነበች መርፌው ክንዷ ላይ ሆኖ ያየችኝ አስተያየት አልሄድልኝ አለ። ስለ እሷና ስለ ማርታ፣ ስለ ጥር መጨረሻውም ለዶክተሩ ነገርኳቸው። ጥፋቱ የጋራ ነው አሉ፤ እነሱ «በጥንቃቄ» ሲሉ በቦርሳ ማለታቸው ነው፣ እኛ ስንሰማው በበረዶ ነው፤ ሁለታችንም መጻፍ የነበረብንን አልጻፍንም። ከዚያ ጣሪያውን እያዩ እንዲህ አሉ፦

«ከሁሉ የተሻለው መያዣ ሰውየው ራሱ ነው። ሴትዮዋ መምጣት ትችል ይሆን?»

ሮጬ ቴሌ ሄድኩ። የቦንጋ ቴሌ በመልእክተኛ ሰው አስጠርቶ ማገናኘቱን ታውቃላችሁ፤ መስመሩ ስለሚንሿሿ መጮህ ግድ ነው፣ ስትጮሁ ደግሞ ቴሌ ያለው ወረፋ ጠባቂ በሙሉ ይሰማል። ከሁለት ሰዓት በኋላ ድምፅዋን ሰማሁ። የላክሽው ዕቃ በብርድ ተበላሽቷል፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሌላ አይተካውም፣ አንቺ ራስሽ ካልመጣሽ ብዬ ጮህኩ። «ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ እነሳለሁ» አለችና ስልኩን ዘጋችው። ማርታን ለማን ትተያታለሽ ሳልላት ቀረሁ።

ረቡዕ፤ የእኔው ቁጥር

የእሷን መምጣት ስጠብቅ ሥራ አስተማሩኝ። እንግዲህ ስለ ማሽኑ ልንገራችሁ፤ ገበያ የረሳችሁት ነገር ካለ አሁን ሂዱ።

እኔ ቦንጋ ላይ ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍቼ፣ በጣቴ መቁጠሪያውን እየተጫንኩ መቶ ሕዋስ ስቆጥር አንገቴ ይደነዝዛል፤ በዚያ ላይ ቲ ሴልን ከሌላው መለየት አልችልም። ይህ ማሽን ግን ሕዋሶቹን አንድ በአንድ አሰልፎ በቀጭን ቱቦ ያሳልፋቸዋል፤ ሌዘር ያበራባቸዋል፣ አስቀድመው በቀለም የተለዩት ያንጸባርቃሉ። ኮምፒውተሩ ላይ እያንዳንዱ ሕዋስ አንድ ነጥብ ነው። ረዳት ቲ ሴሎች በአንድ ጥግ፣ ገዳይ ቲ ሴሎች በሌላ ጥግ ይሰበሰባሉ፤ ስክሪኑ በደቂቃ ውስጥ በነጥብ ይሞላል። ልጅ ሆኜ ጭጋግ በገለጠበት ሌሊት ሰማይ ሳይ እንዲህ ነበር የሚያደርገኝ። እጄን ስክሪኑ ላይ አድርጌ ዶክተሩ እንዳይሰሙኝ ሳቅኩ።

ለማነጻጸሪያ ጤነኛ ሰው ደም ሲያስፈልግ ክንዴን ዘረጋሁ። ከበሽታው ነፃ መሆኔን ተመርምሬ አውቃለሁ። የረዳቶቼ ቁጥር ወጣ፤ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው የውጭ አገር ሰንጠረዥ በታች። ሰንጠረዡን ደግሜ አነበብኩ። አብራኝ የምትሠራው ቴክኒሺያን ፊቴን አይታ መሳቢያዋን ከፈተችና የራሷን ወረቀት አሳየችኝ፤ እሷም ከሰንጠረዡ በታች ናት። የዶክተሩም እንደዚያው። የእኛ አገር ጤነኛ ሰው ቁጥሩ በአብዛኛው ከፈረንጅ መጽሐፍ ያንሳል፣ ስለዚህ የእኛን ሰው በእኛ እንለካለን አለችኝ። ሰንጠረዡን ለምን አታነሱትም ብላት፣ ግድግዳው ተሰንጥቋል፣ እሱን ለመሸፈን ነው አለች።

በምሳ ሰዓት ዶክተሩ በሽታው እንዴት እንደሚገፋ ነገሩኝ። መጀመሪያ ቫይረሱ ሲገባ ገዳዮቹ ሕዋሳት በብዛት ይነሳሉ፣ ይጨቁኑታል፤ ሰውየው ለዓመታት ጤነኛ ሆኖ ይኖራል። ጤነኛ መስሎ ይታይ እንጂ ጦርነቱ በየቀኑ ነው። ረዳቶቹ እንደ ሰፈር እሪታ ናቸው፤ ጠላት ሲመጣ እነሱ ይጮኻሉ፣ ሌላው ዱላውን ይዞ ይወጣል። ቫይረሱ ደግሞ የሚያጠቃው ጯሂዎቹን ነው። ጯሂ እያነሰ ሲመጣ ገዳዮቹ ጥሪ አይሰሙም፤ ለዓመታት ያለ ዕረፍት የተዋጉት ደግሞ ቢሰሙም አይነሱም። በቁጥር አሉ፣ ጉልበት ግን የላቸውም። ለዚህ ነው መቁጠር ብቻውን የማይበቃው፤ የቫይረሱን ስብርባሪ አቅርበው ይቀሰቅሷቸውና ለቀናት ጠብቀው ይባዙ እንደሆነ ያያሉ። እትዬ ዘነበች ቅዳሜ የጠየቀችኝ ጥያቄ ይኸው ነበር። መጽሐፍ ሳታነብ ትክክለኛውን ጥያቄ ነው የጠየቀችው ብዬ ስነግራቸው ዶክተሩ ሹካቸውን አስቀመጡ።

ሐሙስና ዓርብ፤ ራሷን ይዛ የመጣች

ሐሙስ አመሻሽ ላይ አየር ጤና ቆሜ ስጠብቅ እትዬ ዘነበች ወረደች፤ አቧራ ሌላ ፀጉር አልብሷታል። በአንድ እጇ የጨርቅ ቦርሳ፣ በሌላው ለሚያሳድራት ቤት ማር ይዛለች። ብቻዋን ናት። ማርታን የት እንደተወቻት ስጠይቃት ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች።

«ወርቅነሽ ጋ ናት። መንገድ ላይ ስለሆነ አሳደርኳት። ለመልመድ ያህል» አለች።

ያን ማታ አበበች ብዙ ጠየቀቻት፣ ለምን እንደመጣች ግን አንድም ጊዜ አልጠየቀችም። አበበችም በየስድስት ወሩ ለዚሁ ጥናት ደም የምትሰጥ የፋብሪካ ሠራተኛ ናት፤ እዚያ ሰልፍ ላይ ማንም ማንን አይጠይቅም። በነጋታው ጠዋት ሦስታችንም በእግር ሄድን። ዶክተሩ ሲቀበሏት እትዬ ዘነበች እጅጌዋን ከመቀመጧ በፊት ሰብስባ ጨርሳለች።

«ይኸው ደሜን ራሴ ይዤው መጣሁ ዶክተር። በረዶ አልነካውም» አለቻቸው፣ እኔን በጎን እያየች።

ሽሙጡ ይገባኛል። የቀዳሁት እኔ ነኝ። ብልቃጡን ጡቴ ሥር ሸጉጬ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው አሻገርኩት፤ ክፍሎቹ በአሥር እርምጃ ነው የሚራራቁት።

ቁጥሯ በዚያው ቀን ወጣ። ከእኔ ያንሳል፣ ግን እንደፈራሁት አይደለም። ብቻዋን ስንሆን ነጥቦቹን አሳየኋት። እነዚህ የአንቺ ናቸው ስላት ወደ ስክሪኑ ተጠግታ ዓይኗን አጠበበች፤ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ስታስገባ የምታደርገው ነው። «ያንሳሉ ይበዛሉ የሚለውን ተዪኝ» አለች። «ይነሳሉ ወይ?» ለዚያ እስከ ማክሰኞ መጠበቅ አለብን።

ከቅዳሜ እስከ ሰኞ፤ መጠበቅ

እትዬ ዘነበች እጇን አጣጥፋ መቀመጥ አታውቅም። ቅዳሜ የአበበችን ቀሚስ አጠበበች። ጎረቤት ሰምቶ የልጆቹን የትምህርት ቤት ልብስ ይዞ መጣ። በዚያው ቀን የአበበች ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ልብሳቸው ረዝሞ መሬት እንደሚጠርግ ስትሰማ አስመጣችውና አሥራ አራት ቀሚስ በእጇ ቀመቀመች። እሑድ ጠዋት እሷና እኔ ሀና ማርያም አስቀድሰን ስንመለስ፣ በመንገዳችን ባለው አዳራሽ መዘምራኑ በአጠረ ልብሳቸው ሲያሸበሽቡ በመስኮት አየናቸው። የአንዷ ጠርዝ አልስተካከል ብሏት እትዬ ዘነበች ተናደደች፤ ገብቼ ካላስተካከልኩ አለችና በክንዷ ጎትቼ ወሰድኳት።

ሰኞ ግን መርፌዋን አልነካችም። ከሰዓት በኋላ አውድማው ዳር ተቀምጠን ገበሬዎቹ ገለባ ሲያነሱ እናያለን። ማርታ እንቅልፏ ከባድ ነው፣ አዲስ ቦታ ላይ ሽንቷ ያመልጣታል፣ ወርቅነሽ ትቆጣት ይሆን አለችኝ። አትቆጣትም አልኩ፤ ወርቅነሽን ግን አይቻት አላውቅም ነበር።

ማክሰኞ፤ መልሱ

ዶክተሩ ያስገቡን ወደ ቢሯቸው ሳይሆን ወደ ማሽኑ ክፍል ነው። ማሽኑ ቁጥሮችን በወረቀት እየተፋ ነበር። በአንድ ጎን የእሷ ሕዋሳት ሳይቀሰቀሱ፣ ቀጥሎ ደግሞ የቫይረሱ ስብርባሪ ሲቀርብላቸው። እኔ ከዶክተሩ ቀድሜ አነበብኩትና አፌን በእጄ ያዝኩ። ሲቀሰቀሱ ተነስተዋል። ተባዝተዋል። ከሰባት ዓመት በላይ በየቀኑ ሲዋጉ የኖሩ ሕዋሳት ገና ጥሪ ሰምተው ይወጣሉ። ደረቴ ውስጥ የዘለለውን ነገር ዛሬም ሳስበው ይዘላል፤ ዶክተሩ ባይኖሩ ያን ወረቀት እስመው ነበር።

ዶክተሩ ግን ረጋ ብለው ነው የነገሯት። «ዛሬ ይዋጋሉ። ጥሩ ይዋጋሉ። ሁልጊዜ ይዋጋሉ ብዬ ግን አልፈርምልሽም። ከስድስት ወር በኋላ ተመልሰሽ ነይ፣ እንደገና እናያለን።»

እትዬ ዘነበች ወረቀቱን ተቀብላ ገልብጣ አየችው፣ መልሳም አቀናችው።

«አንድ የትምህርት መንፈቅ ዓመት ስንት ወር ነው?» አለች፣ ወደ እኔ ዞራ።

አምስት አልኳት። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከከተተች በኋላ ነው እንባዋ የመጣው።

ስለ ቀሩት ስምንት ሰዎችም ተነጋገርን። ደማቸው እንደ አዲስ ይቀዳል፤ ለመቁጠሪያ የሚሆነው ያለ በረዶ በእጅ ቦርሳ ይመጣል፣ የመቀስቀሱ ምርመራ የሚያስፈልጋቸው ደግሞ በየተራ ራሳቸው ይመጣሉ። ዶክተሩ ይህን ሁሉ በሁለት ገጽ አስጽፈው ማህተም አድርገው ሰጡኝ፤ «በጥንቃቄ» የሚል ቃል አንድም ቦታ የለበትም።

ረቡዕና ሐሙስ፤ መመለስ

አበበች ለመንገድ ዳጣ በጠርሙስ ሞላችልኝ። ጴጥሮስ አየር ጤና ድረስ ሸኘን፤ ባዶውን ሳጥን ተሸክሞ፣ በረዶ እንደማያስፈልገኝ ሁለት ጊዜ ጠይቆ አረጋገጠ። ግቤን ስንወርድ እትዬ ዘነበች ትከሻዬ ላይ ተኝታ ነበር። ሙቀቱን ረሳሁት።

ጅማ ላይ ወርቅነሽ በሩን ስትከፍት ማርታ ከኋላዋ ነበረች፣ ፀጉሯ አዲስ ተሠርቷል። እናቷ ላይ ተጠመጠመች። ጓዳ ስንገባ አንዲት ትንሽ የእንጨት አልጋ አየሁ፤ አዲስ፣ የቀለሙ ሽታ ገና አልጠፋም፣ ፍራሹ ሮዝ አንሶላ ለብሷል። ወርቅነሽ አናጢ ዘንድ አሠርታ ያስገባችው በዚያው ሳምንት ነው። እትዬ ዘነበች አልጋውን አይታ ቆመች። ከዚያ ወረቀቱን አወጣችና ማርታን አልሰጥሽም፣ ይዋጋሉ አለቻት።

ወርቅነሽ ተቆጣች። እኔንም ጭምር ተቆጣችኝ። በአንድ ወረቀት ልጅቷን ታንከራትቻታለሽ፣ ነገ ብትወድቂ ማን ያነሳታል አለች። እውነቷን ነው። ስድስት ወር ነው የተሰጠን ብቻ አልኳት። ወርቅነሽ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ልጅ የላትም፣ ያን አንሶላ ስትመርጥ ምን እንዳሰበች አንሶላው ይናገራል። እትዬ ዘነበች አጠገቧ ተቀመጠች። ክረምቱን ማርታ አንቺ ጋ ትከርማለች፣ እኔም ለምርመራ ስወጣ አደርሳታለሁ አለቻት፤ ተስማሙ። እራት በልተን ስንጨርስ ወርቅነሽ ፊቷን ታጥባ አንድ ነገር ወሰነች፦ ልጅቷ ከሄደች አልጋው እዚህ ምን ይሠራል፣ ይሂድ።

በማግሥቱ መናኸሪያ ላይ አልጋው አውቶቡስ ጣራ ላይ ተጫነ። እግሩ ወደ ሰማይ፣ በማርና በከሰል ጆንያ መሀል በገመድ ታስሮ። ማርታ በየኮረብታው አንገቷን በመስኮት እያወጣች መኖሩን ታረጋግጣለች። ጎጀብ ላይ ጎማ አልፈነዳም። እኔ ባዶውን ሳጥን እግሬ ሥር አድርጌ፣ ቦንጋ የሚጠብቁኝን ስምንት ክንዶች ምን ብዬ እንደምለምናቸው አስባለሁ፤ ግን ፊቴ ፈገግታ አልለቅ ብሎኝ ነበር። የእኛ ጭጋግ ገና ከሩቅ ሲታይ ልጅቷ እንቅልፍ ወሰዳት። ያኔ እትዬ ዘነበችን ቀስ ብዬ፣ አንድ ቀን ደክመው ቢገኙስ ምን ታደርጊያለሽ አልኳት።

የማርታን ራስ ጭኗ ላይ አስተካከለች።

«ያኔ ልጅቷን አልጋዋ ላይ አስተኝቼ ለወርቅነሽ እሰዳታለሁ» አለች። «አልጋው መንገዱን አውቆታል።»